ልዕናን የሰወራት ደንብ ቁጥር አራት

ታናሽ እህቴን ሰወርኳት። የእውነት። ሊፍቱ አያያትም፣ በሩ አያያትም፣ ትምህርት ቤት አያያትም፣ የእማዬ መነጽርም አያያትም። ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በአንድ ዳይስ፣ እየሳቅኩ። ዛሬ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ ቀን ይሞላታል።

በቃ አልኩት። ዋናውን ቶሎ ካላልኩት ልፈነዳ ነበር። አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ከዘባረቅኩ እለፉኝ። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ እንደ ሁልጊዜው ሶፋው ላይ ወጥታለች፣ ምንም ያልተፈጠረ ነው የሚመስለው። ልጠይቃችሁ ነው የምጽፈው። መጨረሻ ላይ እጠይቃችኋለሁ፣ እስከዛ አትሂዱብኝ በናታችሁ።

ማራማዊት እባላለሁ፣ ማራ በሉኝ፣ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። አዳማ ነን፣ ብሎክ አርባ አንድ፣ ዘጠነኛ ፎቅ። ቤት ውስጥ ሦስት ነን፣ እማዬ፣ እኔና ልዕና። ልዕና አስራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቀጫጫ ናት፣ ምላሷ ግን የሦስት ሰው ነው። ፎቃችን ላይ ሁለት ጓደኞች አሉን። ሲፈን እኩያዬ ናት፣ ክርክር የምትወድ፣ ትልቅ ሰው ሳይቀር ተከራክራ የምትረታ። ኢክራም አስራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ክንዷ ላይ የተለጠፈው ነገር ደሟን እያየ መድኃኒቷን ራሱ ይሰጣታል።

አራታችን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ ስንጫወት ነበር። ሰባት ሐይቅ ነው ስሙ። ድሮ ድሮም ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ ጦረኛና ጠንቋይ እየሆኑ ይጫወቱ ነበር አሉ፤ ሐሳቡን ከነሱ ወሰድን፣ ምድሩ ግን የራሳችን ነው። ካርታውን የፍሪጅ ካርቶን ላይ ነው የሳልነው። ጥቁር ሐይቅ አለ፣ የጨው ሐይቅ አለ፣ እሳት የሚተኛበት ሐይቅ አለ። ሲፈን ጦረኛ፣ ኢክራም መድኃኒት አዋቂ፣ ልዕና ሌባ፣ እኔ ጠንቋይ። መነጽር የለም፣ ስክሪን የለም፣ ካርቶንና ዳይስና አንድ ሳህን ቆሎ። ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ቅዳሜን ነበር።

ችግሩ አስማቱ ነው። ጦር ቀላል ነው፣ ወይ ትወጊያለሽ ወይ ትስቻለሽ። አስማት ግን ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ሲፈን አንድ ደብተር ይዛ፣ በተጣላን ቁጥር ደንብ ትጽፋለች። ጠንቋይ በአንድ ተራ አንድ አስማት ብቻ የሚለው የመጣው እኔ በአንድ ተራ ዘጠኝ መብረቅ ከጣልኩ በኋላ ነው። ባለ ሃያ ጎኑ ዳይሳችን ሃያ ካሳየ አስማቱ ጨዋታው እስኪያልቅ አይለቅም የሚለውን እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ጠንቋይ ስለሆንኩ። አራታችንም ካልተገኘን ጨዋታ የለም የሚለው የኢክራም ነው፣ ክሊኒክ ሄዳ ሳለ ስለተጫወትንባት ሦስት ቀን አኩርፋን ነበር።

ደንብ ሰባት ግን ኢክራም ላይ የወጣ ነው። የጣልኩትን አስማት ሁሉ በመድኃኒቷ ትሽርብኝ ነበር። አንድ ቀን በጣም አናዳኝ አለቀስኩ፣ ልጆቹ አዘኑልኝ፣ ጻፍን፦ «አስማት አይሻርም። ሌላ ተጫዋች በፈቃዱ ሊወርሰው ግን ይችላል።» እባብ የሆነችውን ማዳን ከፈለግሽ እባቡ አንቺ ትሆኛለሽ ማለት ነው። ያኔ አሪፍ ነበር። ደንብ ስምንት ደግሞ የልዕና ነው። መሸነፍ ስትጀምር ደንብ እናሻሽል ስለምትል፦ «ጨዋታው ሳያልቅ ደንብ አይቀየርም።»

እነዚህን ሁለቱን ያዙልኝ።

ብሎኩን የሚያስተዳድረውን ማሽን፣ ጋሼን፣ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም፣ እናንተም ብሎክ ላይ አለ፣ ስሙ ነው የሚለያየው፤ እሱ ያልቆጠረውን ሰው መነጽሩም መንገዱም ወረዳውም አይቆጥሩትም። የኛ ብሎክ ዘበኛ ድምፅ የድሮው የሰው ዘበኛ ድምፅ ነው። ሰውዬው ጡረታ ሲወጡ ድምፃቸውን ትተው ሄዱ፣ ከዛ ሞቱ። ድምፃቸው እስካሁን በር ላይ «ግቢ የኔ ልጅ» ይላል። አንዳንዴ ያስላል። ሳሉን ለምን እንደተዉት የሚያውቅ የለም።

ብሎካችን ላይ ጋሼ በአንድ ሰው ቃል ብቻ አይታዘዝም። አንዴ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰውዬ በሩን ለሚስቴ እንዳትከፍት ብሎት ሴትየዋ ሁለት ቀን ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከዛ ኮሚቴው ሦስት ድምፅ የሚባለውን አመጣ። ከአንድ ፎቅ ሦስት ሰው «ተስማማን» ካለ ጋሼ ያንን ያደርጋል፣ ካላለ አያደርግም። ጣራ ላይ በርበሬ የማስጣት ተራ፣ የኮሪደሩ መብራት፣ ልጆች የማይጮሁበት ሰዓት፣ ሁሉም በሦስት ድምፅ ነው። እኛ ይሄን እየሰማን ስላደግን ቀልዳችን ሆነ። የጨዋታ ደንብ ስናወጣ የኮሚቴ ሰብሳቢዋ እትዬ ቦጋለች እንደሚቀመጡት እጃችንን ሆዳችን ላይ አድርገን፣ ጉሮሯችንን ጠርገን፣ በየተራ «ተስማማን» እንላለን። ልዕና የእትዬ ቦጋለችን ድምፅ ስታወጣ በሳቅ ትገድል ነበር።

ከዛ ባለፈው ክረምት ጋሼን ዳኛ አደረግነው። ዳይስ አያጭበረብርም፣ ለማንም አያዳላም፣ ጠላቶቹንም እሱ ያንቀሳቅስልናል። ደብተሩን ገጽ በገጽ ለጣራው ካሜራ አሳየነው። «ገብቶኛል ልጆች» አለ። አሳለ።

አሁን ወደ ቀኑ። የዛን ቀን አዲስ ጨዋታ ልንጀምር ነበር። ያለፈውን የተሸነፍነው በጋሼ ነው። ልዕና ተሰውራ ግምብ ውስጥ ስትገባ እሱ ዳኛ ስለሆነ ያያታል፣ «ሌባዋ ከበሩ ጀርባ ናት» ብሎ ለጠላቶቹ ነገረባት። ልዕና አልረሳችውም። ዳይሱን ከመንካታችን በፊት ደንብ አራት ይስተካከል አለች፣ እሱ እያየኝ ምን መሰወር ነው ብላ ሲፈንን ያዘቻት። ልክ ነበረች። ሲፈን እንደሚገባ አድርጋ ጻፈችው፦ «የተሰወረን ተጫዋች ማንም አያይም፣ አይሰማም፣ አይቆጥርም፤ ጋሼም ቢሆን።»

መጀመሪያ «ተስማማን» ያለችው ራሷ ልዕና ናት። ከዛ እኔ፣ ከዛ ሲፈን፣ ከዛ ኢክራም። አራት ድምፅ። ሦስት ይበቃ ነበር።

ጀመርን። በመጀመሪያ ተራዬ ዳይሱን ጣልኩ፣ ሃያ ወጣ። ብድግ ብዬ፣ የእማዬን ነጠላ እንደ ካባ አድርጌ፣ «ልዕና፣ ተሰወሪ» አልኩ።

ከጭንቅላቷ በላይ ያለው መብራት ጠፋ።

ጨበጨብን። የእውነት ጨበጨብን። ልዕና «ጋሼ፣ የት ነኝ?» አለች፣ ዝም። አስር ጊዜ ጠየቀችው፣ ዝም። ኢክራም ከወንበር ወደቀች በሳቅ። ከዛ ተራው ሲፈን ጋ ደረሰ፣ ጋሼ ግን «አንድ ተጫዋች ጎድላለች። አራት ካልሆናችሁ ጨዋታው አይቀጥልም» አለ። ይኸው ናት እኮ አልነው። «ሦስት ናችሁ ልጆቼ» አለ፣ ረጋ ብሎ፣ በዛ በሟቹ ሰውዬ ድምፅ።

ሲፈን ናት መጀመሪያ ሳቋን ያቆመችው። ደብተሩን አንስታ አነበበች፣ ወደ ሰባት፣ ወደ ስምንት ሄደች፣ ተመልሳ አራትን አነበበች። ጨዋታው ካላለቀ አስማቱ አይለቅም፤ ያለ አራተኛዋ ጨዋታው አያልቅም፤ አራተኛዋን ደግሞ አያያትም። ቀስ ብላ ደብተሩን ዘጋችው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልዕና ደስ ብሏት ነበር፣ አልዋሽም፣ እኔም ቀንቼባት ነበር። ተኚ የሚላት የለም፣ የቤት ሥራ አላስረከብሽም የሚላት የለም። ሱቅ ሰው ተከትላ ትገባለች፣ ቸኮሌት ይዛ ትወጣለች፣ መደርደሪያው እንኳ አንድ እንደጎደለው አያውቅም። አንዴ ስምንት ቸኮሌት ይዛ መጥታ አልጋዬ ላይ ደረደረችልኝ፣ «የእውነት ሌባ ሆንኩ እኮ» አለች።

ከዛ ትምህርት ቤት አራተኛው ቀን ላይ ወንበሯን ለሌላ ልጅ ሰጡት። አዲሷ ልጅ መነጽር ታደርጋለች፣ መጥታ ልዕና ላይ ተቀመጠች። እላይዋ ላይ። ልጅቷ ደንግጣ ብትነሳ ጥሩ ነበር፣ ግን መነጽሯ ወንበሩ ባዶ ነው ስለሚላት የተሰማትን አላመነችም፣ ተመቻችታ ቀጠለች። ልዕና ከሥር ተሹለክልካ ወጣች፣ ከዛ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ማንም አልጠየቀም።

ፎቶዎቿ በየተራ ጠፉ። የጻፈችው ሁሉ ጠፋ። ልደቷ ላይ የተነሳነው ፎቶ አለ፣ እኔ ኬክ ይዤ ለአየር እያጎረስኩ ነው።

የመታጠቢያ ቤታችን መስታወት ደግሞ እንደሁሉም ሰው ቤት ስክሪን ነው። እዛ ላይ ከኋላዋ ያለው ፎጣ ነው የሚታየው። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት ትመጣና ፊቷን ትሰጠኛለች፣ «ዛሬ ምን እመስላለሁ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ቅንድብሽ ላይ ቆሎ የምታክል ቡግር ወጥታለች። ከንፈርሽ ደርቋል። ዓይንሽ አብጧል፣ አልቅሰሻል እንዴ? አላለቀስኩም ትላለች። እሺ።

ስለ እማዬ መጻፍ ከብዶኝ ነው ወደዚህ ወደዚያ የምለው።

እማዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። መነጽሩን ማድረግ ከጀመረች አስራ አምስት ዓመት ሆኗታል፣ የምታየውንና የምትሰማውን ሰው የሚለይላት፣ የግፊት ክኒኗን የሚያስታውሳት፣ ወጡ አረረ የሚላት፣ ማን እንደደወለ የሚነግራት እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስትገባ ልዕና የት ናት አለች። እኛ ቀልድ መስሎን ሳቅን። መነጽሯን ስታወልቅ ልዕና ከፊቷ ቆማለች፣ እንደዛ ሆና ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። አቀፈቻት፣ እኔን በጥፊ አለችኝ፣ መልሳ እኔንም አቀፈችኝ። ከዛ በኋላ በር ላይ እንደደረሰች መነጽሯን ታወልቅ ነበር። ግን ራሷን ያማታል፣ ያዞራታል፣ ሁለት ጊዜ ክኒኗን ረሳች። ስለዚህ ለእራት ብቻ አወልቃለሁ አለች። ከዛ እየቆየ ለሰላምታ ብቻ።

በአስራ ዘጠነኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አስቀመጠች።

ልዕና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳህኖቹን አየች፣ እኔን አየች። ወጥ ቤት ሄዳ የራሷን ሳህን ይዛ መጣች። እማዬ ሳህን ሲቀመጥ ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች፣ ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች፣ ከዛ ስለ ፈተናዬ ጠየቀችኝ።

እትዬ ቦጋለች አልረዱንም ማለት አልችልም። ሁለት ጎረቤት ይዘው መጥተው ኮሪደራችን ላይ ቆመው «ተስማማን» አሉ፣ የእውነተኛው ኮሚቴ ድምፅ፣ ልዕና አስመስላ የምትሠራው ድምፅ። ጋሼ «እንዲነሳ ደንቡን ያወጡት ድምፆች ይምጡ» አላቸው። እኛ ስንለው ደግሞ «ጨዋታው አላለቀም። ደንብ ስምንት» አለን። ጋሼ ራሱ ይጥፋ ተብሎ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ግን ውሃው የሱ ነው፣ ሊፍቱ የሱ ነው፣ ስድስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ የሚተነፍሱበት ማሽን የሱ ነው። እጅ አወጡ፣ አይጠፋም ተባለ። እትዬ ቦጋለች ሲነግሩን መሬት መሬት እያዩ ነበር።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ባጃጅ ገጫት። በሰው የሚነዳ ባጃጅ እኔ አይቼ አላውቅም፣ እማዬ ልጅ ሳለች ነበር ትላለች፣ የዛን ጊዜ ሰዎች ባጃጅ እንዴት ይፈሩ እንደነበር ትነግረናለች፣ እንስቃለን። አሁን ማንም አይፈራቸውም፣ ሰው እግሩን ገና ሲያነሳ ይቆማሉ። ልዕናም ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው ሳታይ ገባች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ባጃጁ አልቀነሰም። ፍሬን የለም፣ ጡሩምባ የለም፣ ባዶ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ነው የሄደው። ጎትቼ ሙሉ በሙሉ አላወጣኋትም፣ ክንዷን መታት፣ ተሽከረከረች፣ ወደቀች። ውስጡ የነበሩት ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን አላቋረጡም።

ክሊኒክ አልጋ ላይ አስተኛኋት፣ አልጋው ባዶ ነኝ ብሎ ታጠፈ። እየታጠፈ ነው የወረደችው። አንድ ነርስ ደረጃ ላይ አገኘን፣ ስጮህበት መነጽሩን አወለቀ፣ የእጅ አንጓዋን ዳበሰ፣ በኔ ሻርፕ አሰረላት። ተሰብሮ ይሁን አይሁን ማወቅ አልችልም፣ የሚያየው ማሽን አያያትም አለ። እስካሁን እንዳበጠ ነው።

በማግስቱ ከእማዬ ጋር ወረዳ ሄድን። እማዬ መነጽሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋችው፣ ልዕናን በደህናው እጇ ይዛት ነበር፣ መንገዱን ሙሉ አልለቀቀቻትም። መስኮቱ «ባለጉዳይዋ በአካል ትቅረብ» አለ። ልዕና ቀረበች። «ባለጉዳይዋ አልቀረበችም። ቀጣይ» አለ። እማዬ መስኮቱን በመዳፏ መታችው። ከጀርባ ያለው ጸሐፊ፣ ወጣት ነው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና ልዕናን አያት። ፊቱ ልውጥ አለ።

«እማማ፣ እኔ አያታለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የኔ ማየት ግን ምንም አይሠራም።»

እሱ ነው ስለ ሠላሳው ቀን የነገረን። ሠላሳ ቀን ያልታየ ነዋሪ ከመዝገብ ይወጣል። ከዛ በኋላ ሰው ሊመልሰው አይችልም፣ ምክንያቱም የሚመለስ ስም አይኖርም። ጋሼም አራተኛ ተጫዋች እንደነበረች አያውቅም፣ ደንብ ሰባትም አይሠራም፣ የሚወረስ ሰው የለም። አቤቱታ ማስገባት ይቻላል፣ አርባ አምስት የሥራ ቀን ይፈጃል፣ ባለጉዳይዋ በአካል ከቀረበች።

ዛሬ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ሠላሳው።

አሁን ገባችሁ አይደል ለምን እንደምጽፍ። አንድ መንገድ ነው ያለው፣ ያም ደንብ ሰባት ነው። ከአራታችን አንዷ «ወርሻለሁ» ማለት አለባት፣ ሦስት ድምፅ «ተስማማን» ይላል፣ ልዕና ትታያለች፣ ያቺኛዋ ትሰወራለች። ኢክራም አትችልም። ክንዷ ላይ ያለው ነገር ካላያት መድኃኒት አይሰጣትም፣ ሁለት ቀን አትቆይም። እሷ ግን ትናንት እያለቀሰች ወላሂ እወርሳለሁ አለች፣ ዝም በይ አልናት። ሲፈን ደግሞ ተራ እናድርገው የሚል ሐሳብ አመጣች፣ እንደ እቁብ፣ ለእያንዳንዳችን ሃያ ቀን፣ ደብተሩ ላይ ሠንጠረዥ ሁሉ ሠርታለት ነበር። የመጀመሪያው ተራ የማን ይሁን ስላት እስክሪብቶዋን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። ከዛ «ማራ፣ እኔ እፈራለሁ» አለችኝ። ልናደድባት ፈልጌ አልቻልኩም። ዳይሱን የጣልኩት እኔ ነኝ። ነጠላውን ለብሼ እጄን ያወዛወዝኩት እኔ ነኝ።

ፈተናው ረቡዕ ይጀምራል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል። አራት ዓመት ነው የተዘጋጀሁበት፣ እማዬ ስንት ሌሊት ፋብሪካ እንዳደረች የማውቀው እኔ ነኝ። ግን ስለ ፈተናው ብቻ ቢሆን ወስኜ ነበር። ፈተና ለከርሞ አለ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት እማዬ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሁለት ሳህን አስቀምጣ ነበር፣ አንዱ የኔ ነው። ነገ ጠዋትም ሁለት ሳህን ታስቀምጣለች። የእማዬና የልዕና። ደስ ብሏት ነው የምታስቀምጠው፣ ልጄ ተመለሰችልኝ ብላ። እኔ እዛው ቆሜ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። እናትን ከሁለቱ የትኛዋን ትመርጫለሽ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል?

ልዕና አሁን አጠገቤ ናት፣ ሶፋው ላይ፣ እግሯን ሰብስባ፣ ያበጠ እጇን ትራስ ላይ አድርጋ የምጽፈውን ታነባለች። ጠዋት ፈተናሽን ተፈተኚ ብላኝ ነበር፣ እኔ ለምጄዋለሁ ብላ። እንደ ትልቅ ሰው ነው ያለችው። ከዛ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ስትቆይብኝ ሄጄ በበሩ ክፍተት አየሁ። መስታወቱ ፊት ቆማ ሙሉ ስሟን እየጠራች ነበር። የራሷን፣ የእማዬን፣ የአያታችንን። ስሙን እንደሚያስመዘግብ ሰው፣ ቀስ እያለች፣ ደጋግማ። መስታወቱ ላይ ፎጣው ብቻ ነበር።

ያኔ ገብቼ እወርስሻለሁ አልኳት። ከአፌ ነው የወጣው፣ አላሰብኩትም።

ፊቷን ወደኔ አዞረች። «ሃያ ቀን ብቻ» አለች ከዛ። «ሃያ ቀን ልታይ፣ እጄን ይዩልኝ፣ ከዛ መልሼ እወርስሻለሁ። እማዬ ትሙት።»

«አንቺ እኮ ሌባ ነሽ፣ ማን ያምንሻል» አልኳት።

ሳቀች። ከሃያ ምናምን ቀን በኋላ መሳቋ ነው። እኔም ሳቅኩ፣ ከዛ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ምክንያቱም እኔን ለማውጣት ከሦስቱ አንዷ «ወርሻለሁ» ማለት አለባት። ኢክራም አትችልም። ሲፈን ትፈራለች። የምትቀረው ልዕና ናት። አስራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፣ ደግሞም ምላለች። እንዳታደርገው እፈራለሁ። እንዳትተወውም እፈራለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ መፍራት እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

አስራ አንድ ተኩል ላይ ሲፈንና ኢክራም ለድምፁ ይመጣሉ ተባብለናል። ሦስት ድምፅ እኔ፣ ሲፈንና ኢክራም ነን። ኢክራም እናቷን ቆሻሻ ልጥል ነው ብላ ትወጣለች፣ ወደኛ ቤት እንዳትሄድ ከልክለዋታል። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተነዋል፣ ዳይሱ እዛው ሃያ ላይ እንደቆመ ነው፣ በሠላሳ ቀን ማንም አልነካውም። ልዕና ቆሎ አምጥታ አስቀምጣለች። ምን እንዳሰበች አላውቅም፣ ጨዋታ ስለሆነ ነዋ አለችኝ።

መልሳችሁን እዚሁ ሥር ጻፉልኝ፣ እየከፈትኩ አያለሁ። ልብ በሉ፣ ልዕና የጻፈችው ሁሉ እንደጠፋ ነግሬያችኋለሁ። ስለዚህ ነገ ተመልሳችሁ ይሄን ጽሑፍ ፈልጉት። ከሌለ ወርሻታለሁ ማለት ነው። ካለ ደግሞ እባካችሁ ምንም አትበሉኝ፣ ስሟን ብቻ ጻፉልኝ፣ ልዕና ብላችሁ፣ ብዙ ሆናችሁ።

በር ተንኳኳ። ገና አስር ሰዓት አልሆነም፣ ሲፈንና ኢክራም ቀድመው መጡ መሰለኝ። ጋሼ አሳለ።

«ማራ የኔ ልጅ» አለኝ፣ «እንግዶች መጥተውልሻል። ብቻሽን ተቀምጠሻል እኮ፣ ክፈቺላቸው።»

ልዕና እጄን ይዛዋለች። ጣቷ በጣም ይሞቃል። እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?